ልጃችን ኮምፒውተር ላይ ምን ይሠራል?

«ሌሊቱን ሙሉ ከኮምፒውተሩ ጋር ተፋጦ ያድራል። ይሄ ሥራ ነው?» ሲሉ አንድ አባት ጠየቁን። ልጃቸው ድረ ገጽ ይሠራል። እኛም ሙያውን ስለማናውቀው እንዲያሳየን ለመንነው።

ያሳየን ገጽ እንደዚህ ጋዜጣ በአማርኛና በዕብራይስጥ የተዘጋጀ ነው። አማርኛው ከግራ፣ ዕብራይስጡ ከቀኝ ይነበባል። የዕብራይስጡ ክፍል ከቀኝ እንዲጀምር በትእዛዝ ካልተነገረው ነጥቡና ቅንፉ ያለ ቦታው ይወድቃል። እንቅልፍ የነሣው ይኸው ነበር። አባትየው መነጽራቸውን አድርገው አማርኛውን ሲያነቡ ሁለት ስሕተት አገኙ፤ ልጁ ዕብራይስጥ እንጂ አማርኛ አጣርቶ አያነብም።

ያሳዘነን ሌላ ነው። ለአንድ ባለ ሱቅ ሠርቶ ገንዘቡን አላገኘም፤ ውላቸው በቃል ነበር። ስለዚህ ወላጆች፣ ልጃችሁ ሥራ ሳይጀምር ዋጋው፣ የሚያስረክብበት ቀንና ስንት ጊዜ እንደሚያርም በጽሑፍ ይስፈር፤ ቀብድም ይቀበል። በግሉ የሚሠራ ከሆነ በግብር ቢሮዎችና በቢቱዋህ ሌኡሚ መመዝገብ አለበት፤ በትንሹ የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ «ዖሴክ ፓቱር» ሆኖ ይመዘገባል። የሠራውንም በሌላ ቦታ ቅጂ ያስቀምጥ፤ ከማስረከቡ በፊት በስልክ ከፍቶ ይየው።

አባትየው አሁን ወደ ማታ ሥራቸው ከመሄዳቸው በፊት የልጃቸውን አማርኛ ያርማሉ።