መጎተት ወይስ ማቆም? የተሳቢ መኪና ምርጫ በፊዚክስ ዓይን

ተሳቢ የሚጎትት ከባድ የጭነት መኪና ለመምረጥ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ግማሽ ጥያቄ ነው። ሞተሩ የደከመ መኪና ዳገት ላይ ይዘገያል፤ ፍሬኑ የደከመ ግን ቁልቁለት ላይ ሕይወት ያጠፋል። በዚህ ጽሑፍ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በሚያውቃቸው ቀመሮች ብቻ ጉዳዩን እንመረምራለን።

ዳገቱን ለመውጣት

መኪናው፣ ተሳቢውና ጭነቱ በድምሩ 40 ቶን፣ ማለትም 400 ኩንታል ይሁኑ። በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ የስበት ኃይል ይህን ክብደት ወደ ኋላ የሚስበው በ23,500 ኒውተን ገደማ ነው። የጎማው ሰበቃ ሲታከልበት 26,000 ኒውተን ያህል ይሆናል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለመውጣት እንግዲህ 217 ኪሎ ዋት፣ ወይም 295 የፈረስ ጉልበት ያህል ጎማው ዘንድ መድረስ አለበት።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይዘነጋሉ። አንደኛው ከፍታ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። ሁለተኛው የመንገዱ ሰበቃ ነው። በእርጥብ አስፋልት ላይ የሰበቃው መጠን 0.4 ቢሆን፣ 26,000 ኒውተን ለመግፋት በሞተሩ በሚሽከረከሩት ጎማዎች ላይ ቢያንስ 66 ኩንታል ያህል ክብደት ማረፍ ይኖርበታል። አለዚያ ሞተሩ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን ጎማው ባለበት ይሽከረከራል።

ቁልቁለቱን ለመውረድ

ዋናው ፈተና ግን ከዳገቱ ማዶ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደውን መንገድ እናስብ፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። 40 ቶን 1,000 ሜትር ሲወርድ 392 ሜጋ ጁል የከፍታ ኢነርጂ ይለቃል። ያው መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ የእንቅስቃሴ ኢነርጂው 5.6 ሜጋ ጁል ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ያን ቁልቁለት መውረድ ማለት ከ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 70 ጊዜ ያህል በተከታታይ እንደ መቆም ነው።

ኢነርጂ አይጠፋም፤ መልኩን ይለውጣል እንጂ። ጥቂቱን የጎማና የአየር ሰበቃ ይወስዱታል፤ የቀረውን ሁሉ ፍሬኑ ብቻውን ከተሸከመው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋና ከፍሬን ሸራው ይርቃል፤ የሸራው ሰበቃም ይቀንሳል። ሹፌሩ ፔዳሉን አጥብቆ ቢረግጥም መኪናው አይታዘዝም። «ፍሬን በጠሰ» ከሚባሉት አደጋዎች መካከል ፍሬኑ ምንም ሳይበጠስ በሙቀት ብቻ የደከመባቸው አሉ።

መፍትሔው ሙቀቱን በሌላ መንገድ ማስወጣት ነው። ዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩን ራሱን ፍሬን ያደርገዋል። የጭስ ማውጫ ፍሬን ደግሞ የጭሱን መውጫ በመዝጋት ይህን ኃይል ያጎለብተዋል። ሪታርደር የሚባለው መሣሪያ በፈሳሽ ወይም በማግኔት አማካይነት፣ ሸራ ሳያፋትግ ፍጥነትን ይገታል። በአንጻሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ «በፍሪ» መውረድ ይህን ሁሉ እርዳታ በገዛ እጅ መጣል ነው።

መኪናውና ተሳቢው

የኒውተን ሦስተኛ ሕግ በማያያዣው ጋንቾ ላይም ይሠራል። መኪናው ተሳቢውን በጎተተው መጠን ተሳቢውም መልሶ ይስበዋል፤ መኪናው ቀድሞ ፍሬን ሲይዝ ደግሞ ተሳቢው ከኋላ ይገፋዋል። መኪናው ቀላል፣ ተሳቢው ከባድ ከሆነ፣ በተለይም ጥምዝ ላይ፣ ይህ ግፊት የመኪናውን ጀርባ ወደ ጎን ሊያዞረው ይችላል። ስለዚህ ተሳቢው የራሱ ፍሬን ሊኖረው፣ ፍሬኑም ከመኪናው ሳይዘገይ ሊይዝ ይገባዋል።

እንግዲህ የጥያቄውን ቅደም ተከተል እንለውጥ። በቅድሚያ፣ መኪናው ከነተሳቢው እንዲሸከም በአምራቹ የተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት ስንት ነው? ቀጥሎ፣ ቁልቁለት ላይ ከእግር ፍሬን ሌላ ምን ማዘግያ አለው? ከዚያም፣ የተሳቢው ፍሬን ከመኪናው ጋር ይስማማል? በሚሽከረከሩት ጎማዎች ላይ በቂ ክብደት ያርፋል? የፈረስ ጉልበቱን በመጨረሻ እንጠይቅ። ወደ ላይ ያወጣነውን ኢነርጂ ሁሉ ወደ ታች ስንወርድ መልሰን መክፈላችን አይቀርምና።