ጾምና የሽማግሎች መክሳት በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው፥ ዕድሜው የገፋ ሰው ምግቡን ቀንሶ ሲከሳ ምን እንደሚጠቀምና ምን እንደሚጎዳ ነው። በውጭ አገር ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከመጠን በላይ ስለ ወፈሩ ሰዎች ነው። በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ባላገር ዘንድ ግን ምግብ የሚቀነሰው ስለ ጾምና ስለ እህል እጥረት እንጂ ለመክሳት ተብሎ ስላልሆነ፥ ነገሩን ለብቻው ማየት ይገባል።

አገሩ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ተነሥቶ እስከ በሽሎ ቆላ ይወርዳል። በደጋው ገብስና ድንች፥ ዝቅ ሲል ጤፍ፥ ስንዴና ባቄላ ይዘራል። መሬቱ የተሸረሸረና የጠበበ በመሆኑ በክረምት ጎተራው የሚጎድልበት ቤት ብዙ ነው፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሴፍቲ ኔት ርዳታ ከተሰጠባቸው ወረዳዎች መካከል ላይ ጋይንት፥ ታች ጋይንትና ስማዳ ይገኛሉ።

በዚህ ላይ የጾሙ ሥርዓት አለ። 55 ቀን የሚጾመው ሁዳዴ የሚውለው መኸሩ ከገባ በኋላ ነው። የሐዋርያት ጾም ግን እስከ ሐምሌ 5 ይዘልቃል፤ ፍልሰታም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። ሁለቱም እህል ከሚያልቅበት ወራት ጋር ይገጥማሉ። እንግዲህ በሁዳዴ ሽሮውና ቆሎው ሳይጠፋ የሚጾም ሰውና በፍልሰታ በባዶ ጎተራ የሚጾም ሰው እኩል አይደሉም።

አስቀድመን ጥቅሙን እንይ። ከመጠን በላይ ለወፈረ ሽማግሌ ጥቂት መክሳት የደም ግፊቱንና በደሙ ውስጥ ያለውን ስኳር ዝቅ ያደርግለታል፤ የጉልበቱንም ሕመም ያቀልለታል። እንዲህ ያለው ሰው ይልቁን በከተማ ተቀምጦ የሚውለው ነው።

ይሁን እንጂ የሚቀንሰው ስብ ብቻ አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት፥ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 107 ወፍራም ሰዎችን አንድ ዓመት ተከታትሎ ነበር። ምግብ በመቀነስ ብቻ የከሱት፥ ክብደታቸው ከመቶ 10 ሲቀንስ፥ ስብ ካልሆነው ሰውነታቸው ከመቶ 5 ጎደለ። ምግብ ቀንሰው ሰውነታቸውን በእንቅስቃሴ ያሠሩት ግን ከመቶ 3 ብቻ ጎደለባቸው፤ የዳሌ አጥንታቸውም የሳሳው በጥቂቱ ነው።

ወፍራሙ እንዲህ ከሆነ፥ ቀድሞውንም ቀጭን የሆነ ባላገር ከምኑ ላይ ይቀንሳል? ጡንቻ ሲሳሳ እግር ይከዳል፤ ሽማግሌው በገደላማው መንገድ ወድቆ አጥንቱ ይሰበራል፤ የአልጋ ቁራኛም ሆኖ ይቀራል። ወጣት ጾሙ ሲፈታ ጉልበቱ ይመለስለታል፤ አሮጌ ሰው ግን ክብደቱ ቢመለስ እንኳ ከጡንቻው ይልቅ ስቡ ይቀድማል። ደግሞም ለደምና ለነርቭ የሚያስፈልገው ቫይታሚን ቢ 12 ከእንስሳት በሚገኝ ምግብ እንጂ በእህል ውስጥ የለም። የስኳር በሽታ ኖሮበት ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢጾም፥ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል።

ከሁሉ የሚከፋው፥ መክሳቱ «እርጅና ነው» ተብሎ መታለፉ ነው። ሳይታሰብ በ6 ወር ወይም በ12 ወር ውስጥ ክብደቱ ከመቶ 5 የቀነሰ ሽማግሌ ሊመረመር ይገባዋል፤ ይኸውም 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 2 ኪሎ ተኩል መሆኑ ነው። ሚዛን በሌለበት ቦታ ቀበቶውና መቀነቱ መላላታቸው ምስክር ነው።

መድኃኒቱ ጾምን መንቀፍ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ለታመመና ለደከመ ሰው ጾሙን በንስሐ አባቱ በኩል ታቀልለታለች። የሚጾመውም ቢሆን ባቄላ፥ አተር፥ ሽምብራና ተልባ ሊጨመርለት፥ በፍስክ ቀንም ወተትና ዕንቁላል ለልጆች ብቻ ሳይባል ሊደርሰው ይገባል። ጓያ ግን ለብዙ ጊዜ ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ስለሚያሽመደምድ፥ ለእነዚህ ምትክ ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ «ጥቂት ብላ» የሚለውን ምክር ለሁሉ ከመስጠታችን በፊት፥ የሚመከረው ሰው የሚቀነስ ነገር አለው ወይስ የለውም ብለን መጠየቅ አለብን። በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ይህን ጥያቄ ሐኪሙና የንስሐ አባቱ አብረው ቢጠይቁት፥ ብዙ አረጋውያን በእግራቸው ቆመው ሊያስቀድሱ ይችላሉ።