«መስማት» እና «ንባብ» በቋንቋ ችሎታ ፈተና ስያሜዎች

የጃፓንኛ ቋንቋ ችሎታ ፈተና እ.ኤ.አ. በ1984 በ4 ደረጃዎች ተጀምሮ ከ2010 ወዲህ በ5 ደረጃዎች ይሰጣል። በዝቅተኛው በኤን 5 ተፈታኙ በዝግታ የሚነገር አጭር የዕለት ንግግር እንዲገባው፣ በከፍተኛው በኤን 1 ግን በተለመደው ፍጥነት የሚነገር ዜና እንዲከታተልና የጋዜጣ ርእሰ አንቀጽ አንብቦ እንዲረዳው ይጠበቃል። ሁለቱ የፈተና ክፍሎች «ዶካይ» እና «ቾካይ» ይባላሉ፤ የመጀመሪያው ማንበብን፣ ሁለተኛው ማዳመጥን ሲያመለክት፣ የጋራ መድረሻቸው «ካይ» መረዳት ማለት ነው።

ተርጓሚው እነዚህን «ንባብ» እና «መስማት» ብሎ ቢመልሳቸው ሚዛኑ ይዛባል። የሐብሩ ወረዳ በምሥራቅ ከአፋር ጋር ስለሚዋሰን በመርሳ ገበያ «አማርኛ ይሰማል?» ብሎ መጠየቅ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጥያቄውም ቋንቋው ይገባዋል ወይ ማለት እንጂ ስለ ጆሮ ጤንነት አይደለም። «የማይሰማ ልጅ» ሲባል ደግሞ የማይታዘዝ ማለት ነው። እንግዲህ «መስማት» መረዳትን፣ አልፎም መታዘዝን በውስጡ ይዟል።

የ«ንባብ» ነገር የተገላቢጦሽ ነው። በግዕዝ «ነበበ» ተናገረ፣ «አንበበ» አነበበ ማለት ሲሆን፣ የቃሉ መሠረት ድምፅ ማሰማት ነው። በንባብ ቤትም ተማሪው ፊደል ከለየ በኋላ በግዕዝ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ያልፋል። ቁም ንባብ የደረሰ ልጅ ዳዊቱን ሳይደናቀፍ ይወጣዋል፤ የቋንቋውን አገባብ የሚማረው ግን ከዚያ በኋላ፣ ቅኔ ቤት ሲገባ ነው። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ፤ በእኛ አስተያየት ግን ማንበብና መረዳት የተለያዩ ክሂሎች መሆናቸውን አስቀድሞ የተገነዘበ ሥርዓት ነው። በምስክር ወረቀት ላይ «ማንበብ ይችላል» ተብሎ ቢጻፍ፣ ይህ ልጅ ያልደረሰበትን ደረጃ ያገኛል።

ስለዚህ በትምህርት ቤት የተለመዱት «አንብቦ መረዳት» እና «አዳምጦ መረዳት» ይመረጣሉ። «ማዳመጥ» ጆሮ መስጠት እንጂ የግድ መረዳት ስላልሆነ፣ «መረዳት» ቢጨመርበት ድግግሞሽ አይሆንም።

የደረጃዎቹን መግለጫ ለአማርኛ ፈተና እንዳለ መቅዳት ግን አይቻልም። «ገና መጣ» የሚለውን የሚሰማ ሰው በዓሉ መድረሱን ወይም ሰውዬው አሁን መምጣቱን ከ«ና» መጥበቅና መላላት ይለያል። ፊደላችን ይህን ስለማያሳይ አንባቢው ከዐውዱ መገመት አለበት፤ በጃፓንኛው መግለጫ ውስጥ ለዚህ ዓይነቱ ችግር የተመደበ ቦታ የለም።