ብር በቁስል ላይ፦ ጀርም መግደልና ቁስል ማዳን

ብር ያለባቸው የቁስል መሸፈኛዎች ሥራቸውን የሚሠሩት ብረቱ እርጥበት ሲያገኝ በሚለቀው የብር አዮን ነው። ደረቅ ብር በደረቅ ቁስል ላይ ቢቀመጥ የሚፈይደው ነገር የለም። አዮኑ ግን የባክቴሪያውን ሽፋን ይበሳሳል፣ ሰልፈር ካላቸው ኢንዛይሞች ጋር ተጣብቆ ሥራቸውን ያቆማል፣ ዲኤንኤውንም ይይዛል። ከብዙ አቅጣጫ ስለሚመታም ብዙ ዓይነት ባክቴሪያንና አንዳንድ ፈንገሶችን ይገድላል። ይህ በላብራቶሪ ደጋግሞ የታየ ስለሆነ አያከራክርም። ለአሥርተ ዓመታት ሐኪሞችን ሲያከራክር የኖረው በሰው ቁስል ላይ የሚሆነው ነው። ቁስል ውስጥ መግል፣ ፕሮቲንና ጨው አለ፤ ጉዳቱን ለመሙላት የሚራቡ የቆዳ ሕዋሳትም አሉ። የብር አዮን ደግሞ ወዳጅና ጠላት አይለይም።

ብር ወደ ዘመናዊ ሕክምና የገባው በዓይን በኩል ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1880 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በጀርመን ላይፕዚግ የነበረው የማህፀን ሐኪም ካርል ክሬዴ፣ ከእናት በሚተላለፍ ጨብጥ ምክንያት ሕፃናት እንዳይታወሩ ሲወለዱ ዓይናቸው ላይ የሲልቨር ናይትሬት ጠብታ ማድረግ ጀመረ። ውጤቱ የሚያስገርም ነበር፤ ልማዱም በብዙ አገሮች ሕግ እስከመሆን ደረሰ። ፔኒሲሊን ከመጣ በኋላ ብር ተረስቶ ቆየ። መልሶ ያስነሳው የእሳት ቃጠሎ ነው። በ1965 አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ካርል ሞየርና ባልደረቦቹ 0.5 በመቶ ሲልቨር ናይትሬት የተነከረ ወፍራም ጎዝ ትልልቅ ቃጠሎዎችን ከመመርቀዝ እንደሚጠብቅ አሳዩ። ዘዴው ይሠራል፤ ጣጣው ግን ብዙ ነው። ጎዙ ሁልጊዜ ርጥብ መሆን አለበት፣ አንሶላውንም የአስታማሚውንም እጅ ያጠቁራል፣ ከበሽተኛው ሰውነት ደግሞ ሶዲየምና ሌሎች ጨዎችን እየመጠጠ ያወጣል። በ1968 ቻርልስ ፎክስ ብርን ከሰልፋ መድኃኒት ጋር አዋህዶ ሲልቨር ሰልፋዳያዚንን ሲያቀርብ እነዚህ ጣጣዎች በአብዛኛው ቀለሉ። 1 በመቶ ጥንካሬ ያለው ይህ ነጭ ቅባት በመላው ዓለም የቃጠሎ መደበኛ ሕክምና ሆነ፤ በኢትዮጵያም ለቃጠሎ በሰፊው የሚታዘዘው እሱ ነው።

ጥያቄው የተነሳው እዚሁ ላይ ነው፤ መደበኛ የሆነው ነገር በእርግጥ የተሻለ ነው? ቅባቱ ከቁስሉ ፈሳሽ ጋር ተደባልቆ ቢጫ ግራጫ የሆነ ሽፋን ይሠራል። ይህ ሽፋን የሞተ ቆዳ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ሐኪሙ ግን ከሥሩ ያለው ቃጠሎ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ መለየት ያቅተዋል። ያን ለማየት ቅባቱ ተጠርጎ መነሳት አለበት፤ በየቀኑ፣ አንዳንዴም በቀን ሁለት ጊዜ። የምጣድ ወይም የፈላ ውሃ ቃጠሎ ያለበትን ሕፃን ቁስል ያጠበ ነርስ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል፦ ልጁ ጎዙ ገና ሳይነካ ማልቀስ ይጀምራል፣ ሲጠረግ ደግሞ አዲስ የበቀለው ስስ ቆዳ አብሮ ይነሳል። ልዩ ልዩ የቃጠሎ መሸፈኛዎችን ያነፃፀረው፣ የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት የ2013 ግምገማም በሲልቨር ሰልፋዳያዚን የታከሙ ቃጠሎዎች ከሌሎቹ ዘግይተው የመዳን አዝማሚያ እንዳላቸው አግኝቷል። ከፊል የቆዳ ውፍረትን ለነካ ንጹሕ ቃጠሎ፣ የማይጣበቅና ለቀናት የሚቆይ ተራ መሸፈኛ የተሻለ ምርጫ እየሆነ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ማርም በዚህ ክርክር ውስጥ ቦታ አለው። የ2015 የኮክሬን ግምገማ እንዲህ ያለውን ቃጠሎ ማር ከተለመዱ መሸፈኛዎች በቀናት ቀድሞ እንደሚያድን ደምድሟል፤ ይህ ግን ጀርም አልባ ላልሆነውና ከማድጋ ለሚጨለፈው ማር ዋስትና አይሆንም። ለማንኛውም ቃጠሎ የመጀመሪያው እርዳታ ቀዝቃዛ የሚፈስ ውሃ ለ20 ደቂቃ ነው፤ የጥርስ ሳሙናና ቡሆ መቀባት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ የብር ቅባትም ቢሆን ሐኪም ቁስሉን ሳያይ ባይቀባ ይመረጣል።

የቅባቱ ድክመት ሲታወቅ ብሩ ወደ ጨርቁ ውስጥ ገባ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከካናዳ የመጣው፣ በናኖ መጠን የደቀቀ ብር የተነጠፈበት አክቲኮት ቀዳሚው ነው፤ ከዚያ በስፖንጅ፣ ከባሕር አረም በሚሠራ አልጂኔት፣ ፈሳሽ መጥጦ ወደ ጄል በሚለወጥ ጨርቅ ሁሉ ብር ተጨመረ። እነዚህ እንደየዓይነታቸው ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ሳይቀየሩ ይቆያሉ። ለትልቅ ቃጠሎ ይህ ብቻውን እፎይታ ነው። አጠቃቀማቸው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ናኖ ብሩ ከመለጠፉ በፊት መርጠብ ያለበት ጀርም በሌለው ተራ ውሃ ነው። በየሕክምና ቤቱ ቁስል የሚታጠበው ደግሞ በኖርማል ሳላይን ስለሆነ እጅ የሚሄደው ወደዚያው ነው፤ የጨው ውሃው ክሎራይድ ብሩን ይዞ በማይሟሟ ሲልቨር ክሎራይድ መልክ ያስቀረዋል። ውድ የሆነው መሸፈኛ በዚህች ስሕተት ወደ ተራ ጨርቅነት ሊጠጋ ይችላል። ቫዝሊን መሰል ቅባት ከሥሩ መቀባትም አዮኑ ቁስሉ ጋር እንዳይደርስ ያግዳል።

ከቃጠሎ ውጭ ያለው ማስረጃ ሳስ ያለ ነው። በደም መልስ መጓደል ለሚመጣ የእግር ቁስል በእንግሊዝ የተካሄደውና በ2009 የታተመው ቩልካን የተባለ ጥናት 213 ሕሙማንን ለሁለት ከፍሎ፣ ሁሉንም በሚያጠብቅ ፋሻ እያሰረ፣ ለግማሾቹ ብር ያለበት ለግማሾቹ የሌለበት መሸፈኛ አደረገ። በ12 ሳምንት የዳኑት ቁጥር ላይ ትርጉም ያለው ልዩነት አልታየም፤ ወጪው ግን በብሩ በኩል በልጦ ተገኘ። ቁስሉን የሚያድነው የፋሻው ጥብቀት ስለሆነ ይህ ብዙ ሊያስገርም አይገባም። በስኳር ሕመም የሚመጣ የእግር ቁስልም እንዲሁ ነው፤ እግሩን ከጫና ማሳረፍ፣ የደም ዝውውሩን ማስተካከል፣ የሞተውን ሥጋ መቁረጥና ስኳሩን መቆጣጠር ካልቀደሙ ብር አያድነውም። የዘርፉ ዓለም አቀፍ መመሪያ ቁስሉን ለመሙላት ሲባል ብር እንዳይደረግ ይመክራል። በብዙ መኝታ የሚመጣ ቁስልም ሕመምተኛውን ማገላበጥ ይቀድመዋል። በቀዶ ሕክምና ለተሰፋ ንጹሕ ቁስል ደግሞ ብር የሚያስፈልግበት ምክንያት ብዙም የለም።

የብር ደጋፊዎች ለዚህ መልስ አላቸው፤ ተገቢ መልስ ነው። ብዙዎቹ ጥናቶች ብሩን ያልመረቀዘ ቁስል ላይ አድርገው የመዳን ፍጥነትን ይለካሉ፤ ብር ግን የተዘጋጀው ጀርምን ለመቀነስ ነው። በ2012 የተሰባሰቡ ባለሙያዎች ያወጡት የጋራ አቋም መካከለኛውን መንገድ ይዟል። በዚህ መሠረት ብር የሚደረገው መመርቀዙ በምልክት ለታየ ቁስል ነው፦ ሕመሙ ሲጨምር፣ ሲሸት፣ ፈሳሹ ሲበዛ፣ ዙሪያው ሲቀላና ሲሞቅ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ይታያል። ከዳነ ብሩ ይነሳል፤ ተሽሎት የመመርቀዙ ምልክት ካልጠፋ ይቀጥላል፤ ምንም ለውጥ ከሌለ ምርመራው ከመነሻው ይከለሳል። ትኩሳት ካለ ወይም ቅላቱ ከተስፋፋ መሸፈኛው የሚዋጥ ወይም በደም ሥር የሚሰጥ ፀረ ባክቴሪያን አይተካም።

ሊከለከሉ የሚገባቸውም አሉ። ሲልቨር ሰልፋዳያዚን ሰልፋ ስላለበት ከሁለት ወር በታች ላሉ ሕፃናት፣ መውለጃዋ ለደረሰ ነፍሰ ጡር፣ ሰልፋ ለማይስማማውም ሰው አይሰጥም። ብዙ ብር ወደ ደም ከገባ ቆዳን ያጠቁራል፤ በ2006 በታተመ አንድ የሕክምና ዘገባ 30 በመቶ ሰውነቱ ተቃጥሎ በናኖ ብር የታከመ ወጣት ፊቱ ገርጥቶ ግራጫ ሆኗል፣ ጉበቱም ተነክቷል። መሸፈኛው ሲነሳ ሁለቱም ተመልሰዋል።

ባክቴሪያ ብርን ይላመዳል ወይ የሚለው ጥያቄም መልስ ካገኘ ቆይቷል። በ1975 በታተመ ዘገባ መሠረት፣ ቦስተን በሚገኘው ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል ውስጥ ሲልቨር ናይትሬትንና በርካታ ፀረ ባክቴሪያዎችን የሚቋቋም ሳልሞኔላ ተነስቶ ሦስት ሕሙማንን ገድሏል። ኋላ እንደታወቀው ባክቴሪያው ብሩን ከውስጡ እየለቀመ የሚያስወጣበት ዘረመል አለው፤ ዘረመሉ የተቀመጠው ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው በሚሻገር፣ ፕላዝሚድ በተባለ የዲኤንኤ ቁራጭ ላይ ነው። እንዲህ ያሉ ዘረመሎች በክሌብሲየላና በኢንተሮባክተር ውስጥም ተገኝተዋል። ለመላመድ ይበልጥ የሚመቸውም ጀርሙን ሳይገድል ለረጅም ጊዜ የሚያባብለው ጥቂት ብር ነው።