የጠመንጃ ፈቃድና የዜጎች ነፃነት በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

በኢትዮጵያ ሕግ ጠመንጃ መያዝ መንግሥት መርምሮ የሚሰጠው፣ ምክንያት ሲያገኝም የሚነጥቀው ፈቃድ እንጂ ዜጋው በዜግነቱ የሚጠይቀው መብት አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ሰብዓዊና ዴሞክራሲያዊ መብቶችን በሚዘረዝርበት ምዕራፍ ሦስት ውስጥ ስለ መሣሪያ የሚናገረው አንቀጽ 30 ሲሆን፣ እርሱም የመሰብሰብና ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግ ነፃነትን የሚያረጋግጠው መሣሪያ ላልያዘ ሰው ነው። ስለዚህ በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱም ሆነ በሻሸመኔ ስለ ጠመንጃ የሚነሣው ክርክር አሜሪካውያን ከሚከራከሩበት በመነሻው ይለያል። እዚያ የሕገ መንግሥቱ ሁለተኛ ማሻሻያ ከ1791 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጦር መሣሪያ መያዝን እንደ መብት ያነሣል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2008 እ.ኤ.አ. ይህ መብት የግለሰብ መሆኑን ወስኗል። እዚህ ግን ተከራካሪዎችን የሚለያየው ጥያቄ ፈቃዱን የሚሰጠው አካል ለሁሉም እኩል ይሰጣል ወይ፣ ሲያስፈታስ ሁሉንም እኩል ያስፈታል ወይ የሚለው ነው።

ፈቃዱን የሚገዛው ሕግ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። አዋጁ ተቆጣጣሪ ተቋም ያደረገው የፌዴራል ፖሊስን ሲሆን፣ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፣ ማዘዋወርንና መነገድን ከልክሎ ለጠያቂው ብቃት መመዘኛዎችን ያስቀምጣል። ለዚህ ጽሑፍ ዋነኛው ግን መሣሪያ መያዝ ልማድ ለሆነባቸው አካባቢዎች አዋጁ የሚሰጠው ቦታ ነው። ልማዱ ያለበት አካባቢ ነዋሪ መሣሪያውን አስመዝግቦ በሕጋዊነት እንዲይዝ በር የሚከፍተው ይህ አቀራረብ፣ የአገሪቱን እውነታ ያገናዘበ ቢሆንም በምሥራቅ ሸዋ ዞን አስቸጋሪ ድንበር ያሰምራል። ከአዳማ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ርቆ በመተሐራ ዙሪያ የሚኖረው የከረዩ አርብቶ አደር ከብቱንና የግጦሽ መሬቱን በመሣሪያ መጠበቅን ከአባቱ የወረሰ ሲሆን፣ የአዳማው ሱቅ ባለቤት ግን ሌሊት የሚጠብቀው ዘበኛና ፖሊስ ብቻ ነው። ልማድን የፈቃድ መለኪያ ማድረግ አስቀድሞ የታጠቀውን ይጠቅማል፤ ያልታጠቀው ደግሞ ያልታጠቀበት ምክንያት ሰላም ወዳድነቱ ይሁን አቅም ማጣቱ ወይም ቀድሞ መከልከሉ አይጠየቅም።

የክርክሩን ስሜት ለመረዳት ጠመንጃ በዚህ ምድር የተወውን ሁለት ዓይነት ትዝታ መመልከት ያስፈልጋል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ መሣሪያቸውን የሚያስመጡት ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ በአዋሽ ሸለቆ በኩል ወደ ሸዋ በሚወጣው የሲራራ መንገድ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሳይቀር በ1879 ዓ.ም. ጠመንጃ ጭኖ እንጦጦ ደርሷል። እንዲህ የተከማቸው ስናድር፣ ውጅግራና ሌላውም መሣሪያ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የአገርን ነፃነት ለማስከበር አገልግሏል። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ተመልሶ ሲመጣ እንግሊዝና ፈረንሳይ የመሣሪያ ሽያጭን በመከልከላቸው ጉዳቱ የከበደው በቂ ትጥቅ ባልነበራት ኢትዮጵያ ላይ ነበር፤ አርበኞችም አምስቱን ዓመት የተዋጉት በእጃቸው ባለውና ከጠላት በማረኩት ጠመንጃ ነው። በዚህ ትዝታ ያደገ ሰው መሣሪያ ፍታ ሲባል የሚሰማው ውርደት ከዚህ የመጣ ነው።

ሆኖም በ1870ዎቹ ያው ጠመንጃ በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ዳርቻ በሌላ አቅጣጫ ተተኩሷል። በራስ ዳርጌ የተመራው የሸዋ ጦር ለዓመታት የተቋቋመውን የአርሲ ኦሮሞ በአዙሌ ጦርነት ሲያሸንፍ፣ ተከላካዮቹ በአመዛኙ ጦርና ጋሻ፣ አጥቂዎቹ ደግሞ የአውሮፓ ጠመንጃ ይዘው ነበር። ከድሉ በኋላ ባለጠመንጃው ወታደር ገባር ተመድቦለት በመስፈሩ መሣሪያ የመሬትና የሥልጣን ምልክት ሆነ። የአዳማ ገበያ የእነዚህ የሁለቱም ትዝታዎች ልጆች ጎን ለጎን የሚውሉበት ስፍራ ስለሆነ፣ አንዱ ነፃነቴ የሚለውን ሌላው የተገዛሁበት ብሎ ሲያየው አንዳቸውም ተሳስተዋል ለማለት ያስቸግራል። ይህን የማያነሣ የትጥቅ ማስፈታት ዕቅድ በወረቀት ላይ ያማረ ቢሆን እንኳ ከአንዱ ወገን ጥርጣሬ አያመልጥም።

መንግሥታትም ጥርጣሬውን በተግባራቸው አባብሰውታል። ደርግ በቀይ ሽብር ዘመን የቀበሌ አብዮት ጥበቃዎችን አስታጥቆ ነፃ እርምጃ እንዲወስዱ ሲፈቅድላቸው፣ ጠመንጃ የያዘውና ያልያዘው ጎረቤት በሕግ ፊት እኩል መሆናቸው ቀረ። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ብዙ መሣሪያ በየመንደሩ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ክልሎች ያደራጁት ልዩ ኃይል በ2015 ዓ.ም. ወደ መከላከያና ፖሊስ እንዲገባ ቢወሰንም፣ በኦሮሚያ ጋቸና ሲርና የሚባለውን ጨምሮ የአካባቢ ሚሊሻዎች ዛሬም ታጥቀው አሉ። ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ሊቅ ማክስ ቬበር በ1919 እ.ኤ.አ. መንግሥትን ሲተረጉም በአንድ ግዛት ውስጥ ኃይል የመጠቀም ሕጋዊ ሥልጣንን ለብቻው የያዘ አካል ነው ብሎ ነበር፤ ያንን ሥልጣን ለራሱ ወገን የሚያከፋፍል መንግሥት ግን ብቸኝነቱን በገዛ እጁ ያፈርሳል።

በቅርብ ዓመታት በእነዚህ ከተሞች የደረሰው እልቂት የጠመንጃ ክርክሩን ሁለቱንም ወገኖች የሚፈትን ነው። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ሐይቅ ለኢሬቻ በዓል የወጣው ሕዝብ በእጁ የያዘው እርጥብ ሣርና አበባ ነበር፤ የጸጥታ ኃይሎች አስለቃሽ ጭስ ከተኮሱ በኋላ በተፈጠረው ግርግር መንግሥት ራሱ ባመነው ቁጥር 55 ሰዎች ሞቱ። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በጥይት ከተገደለ በኋላ ደግሞ ሻሸመኔን፣ አርሲ ነገሌን፣ ባቱንና ሌሎች ከተሞችን ያዳረሰውን ጥቃት የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን መርምሮ ነበር። ከመዘገባቸው 123 ሟቾች መካከል 35ቱ በግለሰቦችና በቡድን በተፈጸመ ጥቃት፣ 76ቱ በጸጥታ ኃይሎች፣ የቀሩት 12ቱ በሌላ ሁኔታ መሞታቸውን ገልጿል። አጥቂዎቹ በዱላ፣ በገጀራ፣ በመጥረቢያና በእሳት ጭምር ተጠቅመዋል፤ በየስፍራው ድረሱልን የተባሉ የጸጥታ አካላትም በጊዜ አልደረሱም።

መታጠቅን የሚደግፍ ሰው ከዚህ ዘገባ ቤቱ ሲቃጠል ማንም ያልደረሰለትን ነዋሪ ይጠቅሳል፤ ቁጥጥርን የሚደግፍ ሰው ደግሞ ሁለቱም ወገን ጠመንጃ ቢኖረው ኖሮ የሟቹ ቁጥር ምን ይሆን ነበር ብሎ ይጠይቃል። የሁለተኛው ክርክር የጠነከረ ይመስላል፤ በተደባለቀ ሰፈር ውስጥ ጠመንጃ የሚበዛው ለተጠቂው ብቻ አይደለምና። ነገር ግን ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ የሞቱት ፈቃድ በማያስፈልገው መሣሪያ፣ ማለትም በመንግሥት ጠመንጃ መሆኑ የቁጥጥሩ ክርክር ብቻውን እንዳይቆም ያደርገዋል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. በፈንታሌ ወረዳ በፖሊስ አባላት ላይ ጥቃት በደረሰ ማግሥት የጸጥታ ኃይሎች 14 የሚችሌ ገዳ (የከረዩ ባህላዊ አመራር) አባላትን ከፍርድ ውጪ መግደላቸውን ያው ኮሚሽን አረጋግጧል። ለአርብቶ አደሩ የመሣሪያ ምዝገባ የሚሰጠው ትርጉም ከዚህ በኋላ እንደ ቀድሞው ሊሆን አይችልም።

የብሔራዊ ደኅንነት ጥያቄ በበኩሉ ባዶ ስጋት አይደለም። አዳማ የጅቡቲን መስመር፣ የባቡሩንና የፈጣን መንገዱን መገናኛ የያዘች ከተማ ናት፤ ሞጆም የአገሪቱ ዋና ደረቅ ወደብ ነው። በኦሮሚያ ክልል ታጣቂ ቡድን ከመንግሥት ጋር በሚዋጋበት ሁኔታ በጭነት ውስጥ የሚደበቅ ክላሽና ሽጉጥ የመንገዱን ደኅንነት ይወስናል። ኢትዮጵያ በ2004 እ.ኤ.አ. የፈረመችው የናይሮቢ ፕሮቶኮልም፣ ማለትም የታላላቅ ሐይቆችና የአፍሪካ ቀንድ አገሮች ቀላል መሣሪያን ለመቆጣጠር የገቡት ስምምነት፣ ምልክት ማድረግንና መመዝገብን ይጠይቃል።

ችግሩ የሚመጣው ቁጥጥሩ በአስቸኳይ ጊዜ ሲፈጸም ነው። በመደበኛው ጊዜ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የማንንም ቤት ያለ ሕጋዊ መሠረት ከመበርበር ይጠብቃል፤ ነገር ግን በአንቀጽ 93 መሠረት በአስቸኳይ ጊዜ ሊገደቡ ከማይችሉት ጥቂት ድንጋጌዎች መካከል አልተቆጠረም። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች በእጃቸው ያለውን መሣሪያ በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግቡ ታዘው ነበር፤ ፍተሻና እስርም ተከተለ። ሕገ መንግሥቱ በእንዲህ ያለው ጊዜ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ እንዲቋቋም፣ ቦርዱም የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ለሕዝብ እንዲያሳውቅ ያዛል። በዚያው ጊዜ ከየቤቱ የተወሰደው መሣሪያ ከማን እንደተወሰደ፣ ፈቃድ ነበረው ወይስ አልነበረውም፣ ኋላስ ለማን እንደተሰጠ የሚገለጽበትን ግዴታ ግን አንቀጽ 93 አልደነገገም።