በአዋሽ ሜዳ አራዊትን በጽሞና ስለ ማየት

ከአራዳ ጊዮርጊስ ተሳልሞ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሐር የሚወርድ የፒያሳ ሰው፣ ቀድሞ በጅቡቲው ባቡር፣ ዛሬ ደግሞ በመኪና፣ ወደ ምሥራቅ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዝ፣ የደጋውን ብርድ ከኋላው ትቶ፣ ሳላና ከርከሮ የሚሰማሩበትን ግራራማውን የአዋሽን ሜዳ ያገኛል፤ ይሁን እንጂ የአራዊት ጉብኝት ወሬ በተነሣ ቁጥር ኬንያና ታንዛኒያ ሲወሱ፣ ይህ ስፍራ ግን ሲታለፍ መስማት እጅግ ያሳዝነኛል።

በአባቶቻችን ዘመን ቆላ ወርዶ አንበሳ ወይም ዝሆን የገደለ ሰው በግዳዩ ይፎክር፣ ይከበርም ነበር እንጂ፣ አውሬውን አይቶ ብቻ በመመለሱ የሚያመሰግነው አልነበረም። ጠመንጃ በዝቶ አራዊቱ እየተመናመኑ በሄዱ ጊዜ ግን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1963 በሰር ጁልያን ሃክስሌ የሚመራ የዩኔስኮ ልዑክ ጋበዘ፤ ከዚያም በኋላ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1966 ተመሠርቶ በ1969 በሕግ ጸና።

በዚያ አራዊትን የሚያይ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ትዕግሥትን ገንዘብ ያደርግ ዘንድ ይገባዋል። ፀሐይ ከበረታች በኋላ ፍጥረት ሁሉ በግራር ጥላ ሥር ስለሚሸሸግ፣ በነግህ ተነሥቶ፣ ወይም በሠርክ፣ በመኪና ቀስ እያሉ መሄድ ያሻል፤ አራዊቱ መኪናውን ሲለምዱት፣ በእግሩ የወረደን ሰው ግን አይተው ይበረግጋሉና፣ ከመኪና አለመውረድና ድምፅን ዝቅ ማድረግ የግድ ነው።

የሜዳው ጌጥ ሳላ ነው። ወንዱም ሴቲቱም ቀጥ ብሎ እንደ ጦር የተሳለ ረጅም ቀንድ አላቸው፤ የሴቲቱ ቀጠን ይላል። ሌላው እንስሳ ጥላ ሲፈልግ ሳላ በሐሩር መካከል ቆሞ ቢታይ፣ ምክንያቱ አካሉ ከፍ ያለ ሙቀትን ችሎ ላቡን ስለሚቆጥብና፣ ከሚግጠው ቅጠልና ሥር እርጥበት ስለሚያገኝ ነው፤ ይህን የፈጣሪን ጥበብ ቆሞ ለመመልከት ግማሽ ቀን እንኳ ቢሰጡት አይበዛበትም። አምባራይሌ ግን ከቁጥቋጦው ስለማይርቅ ስለታም ዓይን ይጠይቃል። አንበሳም አለ፤ ሆኖም ሌሊት ድምፁ ይሰማ እንደሆነ እንጂ ቀን መታየቱ ብርቅ ነው፤ ጎፈሩ የጠቆረውን አንበሳ በቅርብ ማየት የወደደ የአዲስ አበባ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1948 በተቋቋመው በስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ ሲያየው ኖሯል።

2007 ሜትር ከፍታ ያለው የፈንታሌ ተራራ ቁልቁል በሚያየው በዚህ ሜዳ፣ ጎብኚው የላምና የግመል መንጋም ያገኛል፤ በዚህም ሊቆጣ አይገባውም። ፓርኩ ሲከለል የከረዩና የአፋር አርብቶ አደሮች ከጥንት ጀምሮ በድርቅ ጊዜ ይጠጉበት የነበረውን ግጦሽ አጥተዋልና፣ ሣሩ ለሳላው ነው ወይስ ለላሚቱ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም።