ገመዱን ልቀቅ! ልጆች የሸራ ጀልባ ሲማሩ ከዳር ለሚያይ ሰው

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ አሮጌው ከተማ ተነስቶ የፖቶማክን ወንዝ ተከትሎ ወደ ሰሜን የሚሄድ እግረኛ ዴንገርፊልድ አይላንድ የሚባል ቦታ ይደርሳል። «አይላንድ» ይባል እንጂ ደሴት አይደለም፤ ከየብሱ ጋር የተያያዘ ነው። ሰሜናዊ ጎረቤቱ የሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ነው። በሰኔና በሐምሌ ልጆች የሸራ ጀልባ መንዳት የሚማሩት እዚህ ካለው ወደብ እየተነሱ ነው።

አንድ ቀን አንድ አዛውንት አጠገቤ ቆመው ያያሉ። አንዲት ትንሽ ጀልባ ድንገት በጎኗ ተጋደመች፤ ሸራዋ ውሃው ላይ ተነጠፈ፤ ውስጧ የነበረው ልጅ ከነመንሳፈፊያ ጃኬቱ ወንዙ ውስጥ ገባ። አዛውንቱ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ኧረ ልጄ፣ ልጁ ሰመጠ! እነዚህ ሰዎች ምን ቆመው ያያሉ?»

«አይዞዎት አባባ፣ ገልብጥ ያለችው አስተማሪዋ ናት» አልኳቸው።

አላመኑኝም። አልፈርድባቸውም፤ እኔም መጀመሪያ ያየሁ ቀን ጮኬ ነበር።

ጀማሪ ልጅ ጀልባውን ሆን ብሎ እንዲገለብጥ የሚደረገው መገልበጥ የማይቀር ስለሆነ ነው። አስተማሪ አጠገቡ ባለበት፣ ነፋሱም ቀዝቀዝ ባለበት ሰዓት አንዴ ከለመደው በኋላ አይፈራውም። የልጆች ጀልባ በጎኗ ብትተኛም አትሰጥምም፤ አየር የተሞሉ ከረጢቶች ውስጧ ታስረዋል። ከሆዷ ወደ ውሃ የሚወርድ አንድ ሳንቃም አላት። ስትጋደም ይህ ሳንቃ ወደ ጎን ይወጣል። ልጁ ዋኝቶ በሆዷ በኩል ይዞርና ሳንቃውን በሁለት እጁ ይዞ ይንጠለጠልበታል። ምሰሶው ቀስ እያለ ይነሳል። ከዚያ ልጁ ይሳባል፣ ይወጣል፣ የገባውን ውሃ በተቆረጠ የፕላስቲክ ጀሪካን እየጨለፈ ይደፋል።

በዚህ ሁሉ መሀል አንድ የማይታለፍ ሕግ አለ፤ ከጀልባህ አትራቅ። ዳሩ የቱንም ያህል ቅርብ ቢመስል ወደዚያ መዋኘት ክልክል ነው። ርቀት ከውሃ ላይ ሲታይ ያታልላል፤ በዚያ ላይ የተገለበጠች ጀልባ ከሩቅ ትታያለች፣ የአንድ ልጅ ጭንቅላት ግን በማዕበል መሀል ይጠፋል።

የሸራ ጀልባ ትምህርት ብዙው እንዲህ ነው፤ እጅና እግር በደመ ነፍስ የሚፈልጉትን ተቃራኒ ማድረግ። መሪውን እንውሰድ። ልጁ የመሪውን እጀታ ወደ ቀኝ ሲገፋ ጀልባዋ ወደ ግራ ትዞራለች። ለብዙ ዓመት መኪና የነዳ አዋቂ እዚህ ላይ ይቸገራል፤ ልጆች ግን የሚረሱት ልማድ ስለሌላቸው በአንድ ከሰዓት ይለምዱታል።

ከባዱ ገመዱ ነው። አንደኛው እጅ መሪውን ሲይዝ ሌላው እጅ ሸራውን የሚያጠብቀውንና የሚያላላውን ገመድ ይይዛል። ድንገት ነፋስ ሲያይል ጀልባዋ ታጋድላለች። የደነገጠ ሰው ያገኘውን ነገር ጭብጥ አድርጎ መያዝ ይቀናዋል። ልጁ ገመዱን ጭብጥ ካደረገ ግን ሸራው ነፋሱን በሙሉ ተሸክሞ ይገለብጠዋል። ከለቀቀው ሸራው እንደ ባንዲራ ይርገበገባል፣ ጉልበቱ ይጠፋል፣ ጀልባዋም ቀና ብላ ትቆማለች። የሸራ ጀልባ ፍሬን የላትም፤ ፍሬኗ መልቀቅ ነው። አስተማሪዎቹ በሞተር ጀልባ እየዞሩ ቀኑን ሙሉ የሚደጋግሙትም ይህንኑ ነው፤ ልቀቅ፣ ልቀቂ።

ቀጥሎ ተመልካቹን ግራ የሚያጋባው አካሄዳቸው ነው። ጣና ዳር ያደገ ሰው ጀልባ ሲባል ትዝ የሚለው የደንገል ታንኳ ነው፤ ባለታንኳው ፊቱን ወዳዞረበት ቀጥ ብሎ ይቀዝፋል። ሸራ ግን ነፋሱ ከሚመጣበት አቅጣጫ ግራና ቀኝ፣ እስከ 45 ዲግሪ ገደማ ባለው ክልል ውስጥ አይሠራም። ስለዚህ መድረሻው በነፋሱ በኩል ከሆነ ልጁ እንደ ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ በሰያፍ እየሄደ ይወጣል። በተጠማዘዘ ቁጥር የሸራው የታችኛው ዘንግ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ስለሚወረወር ጎንበስ ማለት አለበት። ጎንበስ ያላለ ልጅ ግንባሩ ይነግረዋል።

ነፋስ ወደ ኋላ እየገፋ ጀልባ እንዴት ወደ ፊት ይሄዳል? መልሱ እዚያው ከራሳችን በላይ ለማረፍ ዝቅ ብሎ የሚያልፈው አውሮፕላን ላይ አለ። ሸራ የቆመ ክንፍ ነው። ነፋሱ በጎበጠው ሸራ ላይ አቅጣጫውን ቀይሮ ሲያልፍ ሸራውን ይስበዋል። ይህ ጉልበት ጀልባዋን ይበልጡን ወደ ጎን ሊወስዳት ይፈልጋል፤ ያ ከሆዷ የወረደው ሳንቃ ግን ውሃውን ተደግፎ ወደ ጎን አልሄድም ይላል። የቀረው መውጫ ወደ ፊት ነው። እርጥብ የሎሚ ፍሬ በሁለት ጣት ሲጫኑት ተስፈንጥሮ እንደሚወጣው ማለት ነው።

በብዙ አገር ትንንሾቹ የሚማሩባት ጀልባ ኦፕቲሚስት ትባላለች። ክላርክ ሚልስ የተባለ ጀልባ ሠሪ በ1947 እ.ኤ.አ. በክሊርዋተር፣ ፍሎሪዳ ነው የነደፋት፤ የታዘዘው ቤተሰብ ከሁለት የኮምፔንሳቶ ጣውላ በርካሽ ሊሠራት የሚችል ጀልባ እንዲያወጣ ነበር። ስሟን ያገኘችው ሥራውን ከደገፈው የአካባቢው ክበብ ነው። ርዝመቷ 2.3 ሜትር ያህል፣ ክብደቷ 35 ኪሎ ነው፤ አፍንጫዋ እንደ ሳጥን የተቆረጠ ስለሆነ መልክ አላት ለማለት ይቸግራል። ውድድሯ እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች ብቻ ነው።

ነጎድጓድ ከተሰማ ሁሉም ወዲያው ወደ ዳር ይጠራሉ። የአሜሪካ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ምክር ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ የሐምሌ ከሰዓት በዚህ አገር ነጎድጓድ አያጣውም።

አሌክሳንድሪያ ውስጥ አማርኛ የሚናገር ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ወንዙም እደጃችን ነው። ልጁን ማስመዝገብ የሚፈልግ ወላጅ መጀመሪያ ዋና ያስተምረው፤ ጃኬት የዋናን ቦታ አይተካም። ዳር ቆማችሁ የምታዩ ደግሞ አደራ፣ ጀልባዋ ስታጋድል እንደ ልማዳችን «ያዝ! ያዝ!» ብላችሁ አትጩሁ። ልጁ አማርኛ ከሰማ ይገለበጣል።